ሻምበል፣ አሳርፍ!

ይህ ነገር የገጠመኝ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ጅጅጋ ውስጥ፣ ኅዳር ላይ በዋለ አንድ ዓርብ ነው። ብዙ ነገር እረሳለሁ፤ የዚያን ቀን ሩብ ሰዓት ግን ደቂቃ በደቂቃ አስታውሳታለሁ። ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እንደዚያ ደንግጬ እንደዚያ የሳቅኩበት ቀን የለም። ሁለተኛ፣ ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ከመጀመሪያው ልጀምር። የሳይንስ መምህርት ነኝ፤ ጅጅጋ የመጣሁት ከደብረ ብርሃን ነው። በትምህርት ቤታችን ጋሽ ዘለቀ የሚባሉ የኅብረተሰብ ትምህርት መምህር አሉ። አባታቸው በወታደርነት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እሳቸውም እዚሁ ተወልደው ያደጉ የጅጅጋ ልጅ ናቸው። የዓይናቸው ብርሃን ቀስ በቀስ ደክሞ ከጠፋ ቆይቷል። ማስተማሩን ግን አልተዉም። መጽሐፉን በቃላቸው ያውቁታል፤ ከኋላ ወንበር የሚያወራውን ልጅ በሹክሹክታው ለይተው በስሙ ይጠሩታል።

ጠዋት የምታመጣቸው፣ ከሰዓት የምትመልሳቸው አንድ ልጃቸው ቤዛ ነበረች። እናቷ በሕይወት የሉም። ውሻቸው ሻምበል በየቀኑ ይከተላቸው ነበር። «አባቴ ሃምሳ አለቃ ሆነው ጡረታ ወጡ፤ እኔ ጭራሽ ወታደርም አልሆንኩ፤ ከቤታችን ማዕረጉን ያገኘው ውሻው ነው» ይላሉ ጋሽ ዘለቀ።

በዚያ ዓመት ቤዛ ለዩኒቨርሲቲ አለፈች። የደረሳትም ሩቅ፣ ጅማ ነው። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሲደሰትላት እሷ መምህራን ክፍል መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«ቲቸር፣ እኔ አልሄድም። አባዬን ማን ያመጣዋል?»

ሐሳቡ የመጣልኝ ያን ጊዜ ነው። ሻምበል መንገዱን አሳምሮ ያውቀዋል። ችግሩ በመንገድ ላይ ያየው ሁሉ ያዘናጋዋል፤ ፍየል ሲያይ ይቆማል፣ አጥንት ሲሸተው ይጠፋል። ስለዚህ ማስተማር ያለብን መንገዱን ሳይሆን አለመዘናጋትን ነው። ይህን ለቤዛ ሰሌዳ ላይ ሥዬ በቀስት እያያያዝኩ አስረዳኋት። «ገባኝ ቲቸር» አለችኝ፤ እኔ ግን ደገምኩላት።

ከጋሽ ዘለቀ ቤት እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው መንገድ በመስጊድ ፊት ያልፋል። ሌላው አማራጭ ከባድ መኪና የሚመላለስበት አስፋልት ስለሆነ አላሰብነውም። ስለዚህ የሰፈሩን ሽማግሌ ሐጂ አብዲን ልናማክር ሄድን። ጢማቸውን በሂና ያቀሉ፣ በልጅነታቸው ከጋሽ ዘለቀ ጋር ኳስ የተራገጡ ሰው ናቸው። ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ፤ የውሻ ምራቅ የነካው ልብስ በደንብ ሳይታጠብ አይሰገድበትም። ሰው ከውሻ ራቅ ብሎ የሚሄደው ለዚህ ነው።

«ወርያ ዘለቀ» አሉ ሐጂ፤ በሶማሊኛ «አንተ» ብሎ እንደ መጥራት ነው። «መንገዱ የአላህ ነው፣ እለፍበት። ግን ውሻው የአንድ ሰው ልብስ ከነካ፣ ወይ ሰው ካሸበረ፣ ከዚያ ወዲያ በዚህ በኩል አታሳልፈውም። ተስማማን?»

«ተስማማን።»

እኔ ትንሽ ማብራሪያ ልጨምር አፌን ስከፍት ጋሽ ዘለቀ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። አፌን የከፈትኩት እንዴት እንደታወቃቸው እንጃ።

ውሻው ላይ የሚታሰረውን መያዣ የሰፉልን የአህያ ጋሪ ዕቃ የሚሠሩ ሰው ናቸው። ሻምበልን ነክተው መለካት አልፈለጉም። ጥቂት አሰቡና የገዛ ፍየላቸውን ጎትተው አመጡ።

«እኩል ናቸው?»

«ፍየሏ ሆዷ ላይ ትንሽ ትሰፋለች» አልኩ። በፍየሏ ልክ ሰፉና ሁለት ጣት ቀነሱለት። ልክክ አለ።

ከዚያ የሚያዘናጉትን ነገሮች በደብተሬ ዘርዝሬ በቀይ እስክሪብቶ ደረጃ ሰጠኋቸው። አንደኛ የሉካንዳው ሥጋ፣ ሁለተኛ ፍየል፣ ሦስተኛ የባጃጅ ጥሩምባ፣ አራተኛ ሌላ ውሻ። ትእዛዞቹን የመረጡት ጋሽ ዘለቀ ናቸው፤ ተማሪዎች በሰልፍ ላይ የሚሰሟቸውን ወሰዱ፤ ወደፊት፣ ቁም፣ አሳርፍ። አሳርፍ ሲባል ሻምበል መሬት ላይ ይተኛል። ሽልማቱ ከጋሽ ዘለቀ ኪስ የሚወጣ የእንጀራ ድርቆሽ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ሻምበል በተሰቀለው ሥጋ ፊት አፍንጫውን እንኳ ሳያዞር አለፈ። ከደስታዬ የተነሳ ደብተሬ ከእጄ ወደቀ። ላነሳው አጎነበስኩ።

ሻምበል ተፈተለከ። ጋሽ ዘለቀን ጎትቶ ቦይ ውስጥ ጣላቸው። ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ ተቀደደ፤ መዳፋቸው ደማ። ቤዛ እያለቀሰች ደግፋ አወጣቻቸው።

«አልሄድም አላልኩም ቲቸር? አላልኩም?»

ጋሽ ዘለቀ የቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አቧራቸውን እያራገፉ፣ «ምን አይቶ ነው?» አሉ።

«ምንም። እኔ አጎንብሼ ነው።»

ሳቃቸው መጣ። «አንቺ ልጅ፣ ደብተርሽ ላይ ማጎንበስ የሚል አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ጻፊው። በቀዩ።»

የሀገራችን ውሻ ሁሉ የሚያውቀውን እኔ የሳይንስ መምህርቷ ረስቼዋለሁ። ሰው ካጎነበሰ ድንጋይ ሊያነሳ ነው። ቤዛ የሻምበልን የግንባር ፀጉር ገለጥ አድርጋ ከቡችላነቱ የቀረውን ጠባሳ አሳየችኝ። ሥጋን ሰረዝኩና ማጎንበስን አንደኛ አደረግኩት።

ከዚያ በኋላ የስምንተኛ ሐ ተማሪዎቼ ገቡበት። አንድ ተማሪ ሠላሳ እርምጃ ርቆ ያጎነብሳል፤ ባዶ እጁን እያሳየ ቀና ይላል። ጋሽ ዘለቀ «አሳርፍ» ይላሉ፤ ሻምበል ይተኛል፤ ድርቆሹን ይቆረጥማል። ቀጥሎ ሃያ እርምጃ፣ ቀጥሎ አሥር። ቀጥሎ ሁለት ተማሪ፣ አምስት ተማሪ። በመጨረሻ ፊሽካ ስነፋ አርባ አራት ተማሪ አንድ ላይ እጥፍ ይል ጀመር። ርእሰ መምህሩ በመስኮት አይተው «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ስፖርት ነው?» ብለውኛል። ሰፊ ማብራሪያ ሰጠኋቸው። ኅዳር ሲገባ ሻምበል ትእዛዝም አይጠብቅም ነበር፤ ብዙ ሰው ሲያጎነብስ ካየ ራሱ ይተኛል።

ቤዛ ልትሄድ ሦስት ቀን ሲቀራት ፈተናውን አዘጋጀሁ። ጋሽ ዘለቀና ሻምበል ከትምህርት ቤት ብቻቸውን ይወጣሉ። እኔ ሠላሳ እርምጃ ከኋላ ሆኜ፣ ቃል ሳልተነፍስ እከተላለሁ። ቤዛ ከመስጊዱ መንገድ ማዶ ቆማ ትጠብቃለች። ከወደቁ፣ ወይም ሻምበል ከሸሸ፣ ሻንጣዋን ትፈታለች። ይህን በግልጽ ነግራናለች።

ዓርብ ትምህርት የሚያልቀው ለጁምዓ ሶላት ሲባል ቀደም ብሎ ነው። ወዲያው ብንወጣ ምንም አልነበረም። እኔ ግን የመጨረሻ ማብራሪያ ልስጥ አልኩ። ካርታ ሣልኩ፤ ዓይናቸው ለማያይ ሰው! ጋሽ ዘለቀ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና ካርታውን በሥርዓት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ስንወጣ ሰፈሩ ጭር ብሏል። ለምን ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም።

ወደ መስጊዱ መንገድ ስንታጠፍ ነው የገባኝ። መስጊዱ ሞልቶ ሰው መንገድ ላይ ወጥቷል። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሸራ ተነጥፎ፣ በላዩ መስገጃ ተደርድሮ፣ ሰዉ ረድፍ በረድፍ ቆሟል። ሻምበል ከመጨረሻው ረድፍ ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ማለፊያ አጣና ቆመ። ጋሽ ዘለቀም ቆሙ። አጠገባቸው፣ ግድግዳው ሥር፣ የግመል ወተት የሚሸጡት፣ ሰፈሩ ሁሉ በሶማሊኛ «ኤዶ»፣ አክስት፣ የሚላቸው ኤዶ ሃሊማ ጄሪካኖቻቸውን ደርድረው ተቀምጠዋል።

መጣራት አይቻልም፤ ሶላት ነው። መሮጥ አይቻልም፤ ሩጫዬ ራሱ ያስደነግጠዋል።

በድምፅ ማጉያው «አላሁ አክበር» ተባለ። ያ ሁሉ ሰው አንዴ አጎነበሰ።

ዓይኔን ልጨፍን ፈልጌ አልቻልኩም። የሻምበል ጆሮ ቆመ፤ ጭራው እግሮቹ መሃል ገባ። ከዚያ፣ ልክ በስምንተኛ ሐ ፊት እንደሚያደርገው፣ ቀስ ብሎ ተኛ።

ሰዉ ሲያጎነብስ መንገዱ እስከ ማዶ ተገለጠ። በዚያ ሁሉ ጀርባ ላይ አሻግሬ ቤዛን አየኋት። ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ አባቷን ታያለች።

ሰዉ ቀና አለ፤ ወረደ፤ ግንባሩን መሬት አስነካ። በዚህ መሃል ከኋለኛው ረድፍ የአንድ ሰው ስልክ ጮኸ፤ የሠርግ ዘፈን፣ ከነከበሮው። ሰውዬው ተቁነጠነጠ፤ ኪሱን ደባበሰ፤ ስልኩ ባሰበት። ሻምበል አልተነቃነቀም።

ሶላቱ ሲያልቅ እፎይ አልኩ። ቸኩዬ ነበር።

የጅጅጋን ነፋስ ለማያውቅ ላስረዳ፤ እዚህ መንገድ ላይ የተነጠፈ ሸራ ጠርዙ በድንጋይ ካልተያዘ ካራማራ ተራራ ላይ ነው የሚገኘው። ሰዉ ሸራውን ሊጠቀልል አጎነበሰ፤ ቀና ሲል በየእጁ ድንጋይ ነበር። እኛ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ያስለመድነው ባዶ እጅ ነው።

ሻምበል ተነሳ። መንቀጥቀጡ እኔ እስካለሁበት ይታያል። መያዣው ተወጠረ። ጋሽ ዘለቀ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ሰምተዋል፤ ሁሉም ገብቷቸዋል። ግን አልጎተቱትም። ሰሌዳ ላይ ወጥቶ መልሱ ለጠፋበት ተማሪ በሚናገሩበት ድምፅ፣ «ሻምበል፣ አሳርፍ» አሉ። «እኔ አለሁ። አሳርፍ።»

ዓይኑን ከድንጋዮቹ ሳይነቅል፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ተኛ።

ሐጂ አብዲ ከኋለኛው ረድፍ ነበሩ። ውሻውን አዩት። ቀጥሎ እጃቸው ላይ ያለውን ድንጋይ አዩት። ጎንበስ ብለው ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡትና ለአጠገባቸው ሰው በሶማሊኛ አንድ ነገር አሉ። እሱም አስቀመጠ። ቀጥሎ ያለው አስቀመጠ። ቀጥሎ ያለውም። ድንጋይ መሬት ሲነካ የሚሰማው ድምፅ ከረድፍ ወደ ረድፍ አለፈ። ሸራው በነፋሱ ሲርገበገብ በእግራቸው ረገጡት።

ኤዶ ሃሊማ ከግድግዳው ሥር ብድግ አሉ።

«አንተ ባለሠርጉ!» አሉ ጣታቸውን ቀስረው። «ስትቁነጠነጥ አይቼሃለሁ! ውሻው ፀጉሩ እንኳ አልተነቃነቀም!»

መንገዱ በሳቅ ተሞላ። ባለስልኩ የሐጂ አብዲ ትልቁ ልጅ ነበር።

«ወርያ ዘለቀ» አሉ ሐጂ ጢማቸውን እያሻሹ፣ «ይህን ውሻ ያስተማረው ማነው?»

ጋሽ ዘለቀ ሳይዞሩ እጃቸውን ወደ ኋላ፣ በትክክል ወደ እኔ ዘረጉ። «እዚያ ትንፋሿን ይዛ የቆመችው ልጅ ናት።»

«እንግዲያው ልጄን ከሰኞ ጀምሮ ትቀበለኝ። መያዣውን በፍየል ልክ እናሰፋለታለን።» የፍየሏ ወሬ ለካ ከተማውን አዳርሷል።

ሰዉ ልብሱን ሰብሰብ እያደረገ ለሁለት ተከፈለ። ጋሽ ዘለቀ «ወደፊት» አሉ። ሻምበል የአንድ ሰው ልብስ ጫፍ እንኳ ሳይነካ በመሃል አለፈ። እኔ ከኋላ ስከተል ሳቄና እንባዬ ተቀላቅሎብኝ ነበር። ቤዛ ሮጣ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«እኔስ መጣሁ» አሏት። «አንቺ ገና አልሄድሽም?»

ቤዛ ሰኞ ሄደች። ዛሬም ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ሻምበል ነው፤ ጋሽ ዘለቀ በዚህ ቅር እንደተሰኙ ለሁሉም ሰው በኩራት ያወራሉ። ጠዋት ጠዋት ሁለቱ በትምህርት ቤቱ በር ሲገቡ፣ ተማሪዎቻችን መንገድ ለቀው «ተጠንቀቅ!» እያሉ ይቀልዳሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። በሚቀጥለው ዓርብ ማብራሪያዬ እንደገና ረዘመና ሶላት ላይ ደረስን። የኋለኛውን ረድፍ ሸራ የያዘው ድንጋይ አልነበረም። ጠርዙን ይዘው የተደረደሩት ውሃ የተሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ናቸው። ማን እንዳሰበው አልጠየቅኩም፤ የነገረኝም የለም። እስከ ዛሬ ዓርብ ዓርብ እንዲሁ ነው።

ያን ቀን ደብተሬን አወጣሁ፤ የትኛው ዝርዝር ውስጥ እንደምጽፈው አጣሁና መልሼ ዘጋሁት። ሁሉን ነገር ማስረዳት የምወድ ሰው ነኝ። ለእነዚያ ጠርሙሶች ግን እስካሁን ማብራሪያ አላዘጋጀሁም፤ ባየኋቸው ቁጥር ብቻዬን ፈገግ ብዬ አልፋለሁ።