አክስቴ ያጣችው የሾርባ ጣዕም

አክስቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። በቦርሳዋ ውስጥ ከመቀሱና ከሜትሩ ጋር አንዲት የራሷ ማንኪያ አትጠፋም ነበር፤ ያቺ ማንኪያ ዛሬ እኔ ቤት አለች። ምግብ ቤት ገብታ አንድ ነገር ከጣማት ዓይኗን ጨፍና ታጣጥማለች፤ ከዚያ ቤቷ ገብታ ያንኑ ሠርታ ታቀርባለች። ሰፈሩ «ቀማሿ» ይላት ነበር፤ ስሙንም አልጠላችውም።

ምላሷ የከዳት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሰዓት ሠሪው ባሏ ከረጅም ሕመም ቢነሣም የምግብ ፍላጎቱ ድራሹ ጠፍቶ ነበር። ሙልጭ አድርጎ የሚጠጣው ከአንድ ማተሚያ ቤት ጀርባ፣ አራት ጠረጴዛ ብቻ ባላት ምግብ ቤት አንዲት አሮጊት የምትሠራውን የአትክልት ሾርባ ነው። ሌላውን ሁሉ ገፋ ያደርገዋል። ክንዱ ከመቅጠኑ የተነሣ የሰዓቱ ማሰሪያ እንደ አምባር ይዞርበት ጀመር። በዚያው ሰሞን አሮጊቷ በወሩ መጨረሻ ምግብ ቤቱን ዘግታ ልጇ ዘንድ ልትሄድ መሆኑ ተሰማ።

አክስቴ ሄዳ ሾርባውን ቀመሰችና ጉድ ጉድ ማለት ያዘች። ካሮቱን አወፍራ ላጠች፣ ሽንኩርቱን እስከ ነጩ ገፈፈች፣ አተሩን ፈለፈለች፤ ንጽሕናዋን አገር ያውቀዋል። ባሏ አንድ ማንኪያ ቀምሶ፣ እንዳይከፋት ሌላ ደገመና፣ ጥሩ ነው ግን ያ አይደለም አላት። በነጋታው ቅመም ቀየረች፤ በሦስተኛው ቀን አጥንት ጨመረች። ከሾርባው በፊት አንቺ ልታልቂ ነው ብሎ ቀለደባት፤ ሳሕኑ ግን እንደ ሞላ ተመለሰ።

አሮጊቷን ብትጠይቃት፣ ምንም የለውም፣ አትክልት ነው ብላ ዓይኗን ሰበረች። አክስቴን የከነከናት ይህ ነው። ሰው በሙያው ይኮራል እንጂ ስለ ምን ያፍራል? ስታወጣ ስታወርድ አንድ ነገር ትዝ አላት፤ በዚያ መንገድ በየምግብ ቤቱ ደጃፍ የቆሻሻ በርሜል ሞልቶ ሲገነፍል፣ በዚህች ቤት ደጃፍ ግን በርሜል የሚባል ነገር አይታ አታውቅም።

አንድ ማለዳ በጓሮ በር ገባች። አሮጊቷ የካሮት ልጣጭ፣ የሽንኩርት ቅርፊትና የአተር ገለፈት ንጹሕ አድርጋ አጥባ በደረቅ መጥበሻ ታምስ ነበር። ደንግጣ በክዳን ሸፈነችው።

«አፈር ስሆን፣ ለሰው እንዳታወሪብኝ» አለች። «ጥራጊ አበላችን ይሉኛል።»

አክስቴ የለበሰችውን ካፖርት ገልጣ ገበሩን አሳየቻት፤ ከሠላሳ ዓይነት ቁርጥራጭ ጨርቅ የተጋጠመ ነው። «እትዬ፣ እኔ እኮ አንዲት ብጣሽ አልጥልም ብዬ የምኮራ ሴት ነኝ። ለካስ ጣዕሙን በየቀኑ በርሜል ውስጥ ስደፋው ኖሬያለሁ።»

አሮጊቷ ሳቀች፤ ክዳኑንም አነሣች። ልጣጩ ጠቆር እስኪል ማመስን፣ ከዚያ በዝግታ ማፍላትን፣ ውኃውን አጥልሎ አትክልቱን በእርሱ መቀቀልን አንድ በአንድ አሳየቻት።

ምግብ ቤቷ በተዘጋች ማግስት አክስቴ ምንም ሳትናገር ሾርባ አቀረበች። ባሏ ቀመሰ። ደጋግሞ ጠጣ፤ በመጨረሻ ሳሕኑን ዘንበል አድርጎ የቀረችውን ጨለጣት።

«ሴትዮዋ ሳይሄዱ ቀሩ እንዴ?» አላት።

«ሄደዋል» አለችው። «ልጨምርልህ?»