በጨርቅ የታሰረ ቱቦ

ዛሬ ወለቃ መንደር ላይ የሟቹ ባሌ አሮጌ ማኪና ሞተሯ ፈላብኝ። የትኩስ ጎማና የዝገት ሽታ ሲያፍነኝ የልጅነት ንዴቴ ተቀሰቀሰ።

ያኔ ለታመመችው እናቴ ከዛሪማ ጠበል ይዘን ስንመለስ የአባቴ ማኪና ዳገቱ ላይ ፈላች። የራዲያተሩ ቱቦ ማፍሰሱን እያወቀ በጨርቅ ጠምጥሞት ነበር የወጣው። ሞተሩ ሲበርድ የእናቴን ጠበል በሙሉ ራዲያተሩ ውስጥ አንቆረቆረው። ክንዱን ይዤ ጮህኩ።

«ምነው አንቺ፣ ማኪናዋ ካልሄደች ጠበሉ በእግሩ ይሄዳል?» አለኝ አብሮን የተሳፈረው ጎረቤታችን አያ ታከለ። ሁለቱም ሳቁ። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም።

ቤት ስንደርስ እናቴ የጠበሉን ባዶ ጄሪካን አየችና፣ «እናንተ ከደረሳችሁ ሸጋ ነው» አለች።

ባሌም ስለዚችው ማኪና «ቱቦውን ነገ እቀይረዋለሁ» እንዳለ ሞተ። ዛሬ የሞተሩን ኮፈን ስከፍት ቱቦው በነጠላዬ ቁራጭ ታስሮ አገኘሁት። በንዴት ልፈታው ታገልኩ፤ ቋጠሮው የእሱ ነው፣ አልፈታም አለኝ።