ፈተናው የተቀመጠበት ቦታ

መምህራኑ «ወይዘሮ ሴቭ» ይሏታል። የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ናት። እኔ የማባዣ ማሽኑ ሠራተኛ ነኝ፤ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተን ስንሠራ ኖረናል። አንድ ጊዜ መብራት ድርግም ብሎ የተማሪዎችን ውጤት ይዞባት ከሄደ ወዲህ፣ ሁለት መስመር በጻፈች ቁጥር ሴቭ ታደርጋለች። ሰውንም አትምርም፤ «ሴቭ አደረግክ? ኋላ ወየው ብትል አልሰማህም!» ትላለች። የስፖርት መምህሩማ ሻይ ሲቀዳ እንኳ «ሴቭ አድርጌዋለሁ እሜቴ» እያለ ያሾፍባታል። እሷም ትስቃለች፤ ግን ፈሪ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ይዛ የቆመችው በዚያች ሥራ ነው፣ ሥራው ደግሞ በየዓመቱ የሚታደስ ኮንትራት ነው። ዳይሬክተሩ በስብሰባ መሀል ጣቱን ቀስሮ «ፈተና ከወጣ የምጠይቀው ጸሐፊዋን ነው» ካለ በኋላማ የፈተና ሰሞን እህል አይወርድላትም።

ልጇ እዚያው እኛ ጋ የመጨረሻው ክፍል ተማሪ ናት። በሥጋ ባንዛመድም ጎረቤት ስለሆንን እኔን «አክስቴ» ነው የምትለኝ። ጨዋ ልጅ ናት፣ ሂሳብ ላይ ግን አትጠይቁኝ። እናትየው የሂሳብ ፈተና ስትጽፍ ልጅቷን በቢሯችን ደጃፍ ዝር አታስብላትም። በሩን ትቆልፋለች፣ መጋረጃ ትጋርዳለች፤ ፈተናው ከተባዛ በኋላ ፋይሉን በፍላሽ ወስዳ ከኮምፒውተሩ ላይ ታጠፋዋለች። እኔን ሳይቀር «ዞር በይ» ትለኛለች። «አንቺ ሴትዮ፣ የማባዛው እኮ እኔ ነኝ!» ብላትም አትሰማኝም።

ኮምፒውተር የሚጠግንልን ሰውዬ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ «ኬብሉ» እንለዋለን። እሷ ለምሳ በወጣችበት መጥቶ ኮምፒውተሯን ከፈተና «ኧረ ይሄ ነገር ጢም ብሎ ሞልቷል» አለ። ነካ ነካ አድርጎ ሄደ። እኔ ወረቀት ከጎረሰብኝ ማሽን ጋር ስታገል ስለነበር ምን እንደነካ አላየሁም፤ ባይስ ምን ሊገባኝ።

ከዚያ በኋላ ነው የሂሳቡን ማጠቃለያ ፈተና የጻፈችው። ጠዋት ገብታ ስትከፍተው ኮምፒውተሩ ራሱ የትናንቱን ሥራ ፊት ለፊት ይደረድርላታል፤ እሱን ተጭና ትቀጥላለች። ፋይሉ የት እንደተቀመጠ ማየት አላስፈለጋትም። አተመችው፣ እኔ አባዛሁት፣ በፖስታ ታሸገና ዳይሬክተሩ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቆለፈበት። በፈተናው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዷ ልታጠፋው ቁጭ አለች።

«የለም» አለች።

«ምኑ?»

«ፈተናው። ሁልጊዜ የማስቀምጥበት ቦታ ላይ የለም።»

«አጥፍተሽው ይሆናላ!»

«አላጠፋሁም! እኔ አላጠፋሁም!» ኬብሉን ጠራሁት። እያፏጨ መጣ።

«አዎ፣ ሴቭ የሚያደርግበትን ቦታ ቀይሬልዎታለሁ እኮ» አላት፤ ምስጋና የሚጠብቅ ነው የሚመስለው። «ሞልቶ ሊቆምብዎት ነበር። አሁን የሚጽፉት ሁሉ በቀጥታ ወደ ጋራው ፎልደር ይሄዳል። ሰፊ ነው።»

«የጋራ ማለት የእነማን?»

«የቢሮው፣ የመምህራኑ፣ የኮምፒውተር መማሪያ ክፍሉ...» አለና አፉ ላይ ቀረበት። ፉጨቱም ጠፋ።

ጉድ ፈላ! ሦስታችንም ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ በረርን። ተማሪ አልነበረም። ኬብሉ እያንዳንዱን ማሽን እየከፈተ በቅርቡ ምን እንደተከፈተበት አየ። «ንጹሕ ነው» ይላል፣ ያልፋል፤ እሷ ከኋላ ከኋላው ትከተላለች። ከመስኮቱ ሥር ካለው ማሽን ሲደርስ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ «የሂሳብ ማጠቃለያ ፈተና» ይላል። ትናንት ነው የተከፈተው።

«እዚህ ላይ ማን እንደሚቀመጥ አላውቅም» አለ ኬብሉ።

እኛ ግን እናውቃለን። ዓመቱን ሙሉ «እዚያ መስኮት ሥር ፀሐይ ዓይኔን እየወጋኝ» እያለች ስትነጫነጭ የምንሰማት የእሷው ልጅ ናት። ወዳጄ አመድ መሰለች። «ሌላም ክፍል ይማርበታል እኮ፣ የስንቱ ልጅ መቀመጫ ነው» አልኳት፤ እኔም አላመንኩትም። ኬብሉ ፋይሉን አጠፋ፣ የማስቀመጫውን ቦታም ወደ ድሮው መለሰ። «በሞቴ፣ እኔንም ሥራ እንዳታሳጡኝ» ብሎ ለምኖን ወጣ።

ቢሮ ገብተን በሩን ዘጋን። እኔ እንደሁ ነገር አይቆይልኝም። «ተነሺ፣ አሁኑኑ ሄደሽ ለዳይሬክተሩ ንገሪው! ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።»

«ምን ብዬ? ፈተናው ወጣ፣ ያየችውም የኔው ልጅ ናት ልበለው? አንቺ ብትሆኚ እናቷ አልሰጠቻትም ብለሽ ታምኛለሽ?»

«እንግዲያስ መጀመሪያ ልጅቷን ጠይቂያት።»

«አየሁ ካለችኝስ?»

ቢሮውን ቆልፈን ወደ ቤት ሄድን።

አመሻሹ ላይ አላስችል ብሎኝ ቤታቸው ብቅ አልኩ። ልጅቷ የተዘጋ ደብተር ታቅፋ ተቀምጣለች፣ ራቷ አልተነካም። እናትየው የተጠረገ ወለል ትጠርጋለች። ቤቱ ታፍኗል፤ እኔ የሆነ ያልሆነውን እቀባጥራለሁ።

«እማ» አለች ልጅቷ።

«ወዬ?» መጥረጊያው ቆመ።

«ምንም።»

እናትየው ዓይኗን ወደኔ ወረወረች። «ይኸው፣ ሰርቃለች» ነው የሚለው ያ ዓይን። ልጅቷን ይዤ ልነቀንቃት፣ ተናገሪ ልላት ምንም አልቀረኝም። ግን የሰው ቤት ነው፣ የሰው ልጅ ናት፤ ደህና እደሩ ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ፈተናው ተሰጠ። በመስኮት ስናይ ከሁሉም ቀድማ የወጣችው እሷ ናት። ሌሎቹ ገና አንገታቸውን ደፍተዋል፣ እሷ ቦርሳዋን አንግባ ግቢውን ታቋርጣለች።

«አየሽ?» አለችኝ እናትየው። «ሂሳብ ላይ የምትዳክረው ልጅ፣ አየሽ እንዴት እንደጨረሰችው?»

እርማት እስኪያልቅ ድረስ ያየሁትን መከራ ለጠላቴም አልመኝም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ትበረግጋለች። ለመምህራኑ የምትጽፈውን ትሳሳታለች፣ ሴቭ ማድረጉንም እየረሳች መጣች። አንድ ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ «እንድትወድቅ እየጸለይኩ ነው» አለችኝ። «ውጤቷ ካማረ አለቀልን። ልጇ እንድትወድቅ የምትጸልይ እናት ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አንጀቴን በላችው።

የሂሳብ መምህሩ አንድ ወረቀት በእጁ ይዞ ገባ። እሷ ከወንበሯ ብድግ ብላ ጠረጴዛውን ያዘች።

«ለዳይሬክተሩ ከማሳየቴ በፊት ለእርስዎ ላሳይ ብዬ ነው» አላት በቀስታ። «ልጅዎ አሟት ነበር?»

ወረቀቱን አስቀመጠ። ስሟ አለ፣ ክፍሏ አለ። ከዚያ በታች ባዶ ነው። እናትየው ገለበጠችው፤ ጀርባውም ባዶ። ደግማ ገለበጠችው።

ልጅቷን ከክፍል አስጠራናት። ወረቀቱን ስታይ አልደነገጠችም።

«ለምን?» አለቻት እናቷ።

«አይቼዋለሁ እማ። የራሴን ሥራ ላስቀምጥ ስል እዚያ ፎልደር ውስጥ አገኘሁት። የአምና መልመጃ መስሎኝ ከፈትኩት። ግማሹን ካነበብኩ በኋላ ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አልጻፍሽም?»

«ያየሁትን ብሠራው ሌባ ነኝ። ብናገር ደግሞ አንቺን ያባርሩሻል።» ትከሻዋን ነቀነቀች። «ብወድቅ ይሻላል አልኩ። ክፍሉን ብደግም ምን ይመጣል፣ አንቺ ሥራሽ ላይ ካለሽ።»

እኔ አለቀስኩ፤ ምን ላድርግ፣ አለቀስኩ። መምህሩ መነጽሩን አውልቆ ሲጠርግ ቆየ። እናትየው ግን አላለቀሰችም። ወረቀቱን አንስታ ወደ በሩ ሄደች።

«እማ፣ ተይ!» ብላ ቀሚሷን ያዘቻት። «ዝም ብትይ እኮ ማንም አያውቅም!»

እናትየው የልጇን እጅ ቀስ ብላ አላቀቀችና ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች።

ብዙ ቆየች። ኬብሉ ተጠራ፣ የሂሳብ መምህሩም ተጠራ። የዳይሬክተሩ ጩኸት ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል፤ እኔና ልጅቷ አግዳሚው ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘን ተቀምጠናል፤ ፈተናውን በየትኛው ማሽን ላይ ተከፍቶ እንዳገኘነው ነገርኳት። ሲወጡ ነገሩ ተቆርጧል። ፈተናው ተሰርዟል፣ ሁሉም ተማሪ ሌላ ፈተና ይፈተናል። እናትየውና ኬብሉ ማስጠንቀቂያ ይጻፍባቸዋል። የኮንትራቷን ነገር ዳይሬክተሩ «ሲደርስ እናያለን» ብሏል። እናያለን ማለት ምን ማለት እንደሆነ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ።

አብረን ወደ ቤት አቀናን። እናትየው ጥቂት እርምጃ ቀድማናለች። ልጅቷ እጅጌዬን ሳብ አደረገችኝ።

«አክስቴ፣ ከመስኮቱ ሥር ያለው ማሽን የኔ መሆኑን እማ ታውቅ ነበር አይደል?»

«አዎ... ታውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቀችኝም? ያየሁትን የምሠራው መስሏት ነበር?»

«ኧረ በስማም! ምን ቆርጧት!» አልኩ፤ ቶሎ አልኩት፣ ከሚገባው በላይ ቶሎ።

ልጅቷ እኔን አላየችኝም። የእናቷን ጀርባ ነበር የምታየው። እናትየው ሰምታናለች፤ መንገዱ መሀል ቆማለች፣ ግን አልዞረችም።