ከመሐል የተቋረጠ ገድል

በጃንሆይ ዘመን ነው፤ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን። ያን ዓመት ሁዳዴ ሲገባ ታላቅ እህቴ ደም መትፋት ጀምራ ነበር። ከክሊኒኩ አንዲት ፈረንጅ የካቶሊክ መነኩሲት በበቅሎ እየመጡ መርፌ ይወጓታል። «ወተት ካልጠጣች መርፌው ብቻውን አያድናትም» አሉን።

እናቴ ወደ ነፍስ አባታችን ሮጠች። እንፈራው የነበረው የእሳቸውን ቁጣ ነው፤ እሳቸው ግን «ለበሽተኛ ምን ጾም አለ? ፈትቻታለሁ፣ ትጠጣ» አሉ። ላማችንም አልነጠፈችም። በደስታ አለቀስን፤ የሚመጣውን መቼ አወቅን!

እህቴ ግን የወተቱን ቅል ስናቀርብላት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ገድል ሲነበብ እየሰማን ነው ያደግነው፤ ለእኛ ጻድቅ ማለት የጾመ ነው።

እማሆይ ታዲያ ሆዷን ለማራራት የማኅበራቸውን መሥራች ቅድስት ታሪክ ያወሩላት ጀመር። በመጡ ቁጥር ትንሽ ትንሽ። ቅድስቲቱ የባለጸጋ ልጅ ነበረች፤ ቤቷን ትታ፣ መንገድ ላይ የወደቀ በሽተኛ በጀርባዋ አዝላ እየወሰደች ታስታምም ነበር። አንድ ቀን እህቴ «ጾሟስ፣ እማሆይ?» ብላ ጠየቀች።

እማሆይ መዋሸት አያውቁም። «በወጣትነቷ እስክትወድቅ ድረስ ትጾም ነበር» አሉ። ከዚያ ሰማዩ ጠቆረ፤ «የቀረውን ስመለስ እነግርሻለሁ» ብለው ዝናብ ሳይዛቸው በቅሏቸው ላይ ወጡ።

የእህቴ ፊት እንደዚያን ቀን በርቶ አይቼው አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ወተቱ ቀርቶ ሽሮውንም መግፋት ጀመረች። እናቴ እግሯ ላይ ወድቃ «አባ ፈትተውሽ የለም ወይ፣ ልጄ?» ትላታለች። «እሷም እኮ እስክትወድቅ ነው የጾመችው፣ እማ» ትላለች እሷ። እኔም «እታለም፣ ስለ እኔ ብለሽ» ብዬ ለመንኳት። ራሴን ዳበሰችኝ፤ እጇ ክብደት አልነበረውም።

ሆሳዕና ሳይደርስ ቀበርናት።

ዝናቡ መንገድ ዘግቶባቸው የሰነበቱት እማሆይ መሞቷን ሳይሰሙ መርፌያቸውን ይዘው መጡ። ለቅሶ ላይ መሆናችንን ሲያዩ መሬት ላይ ተቀመጡና የቀረውን ነገሩን። ቅድስቲቱ በጾሙ ጤናዋን አጥታ፣ በሽተኛ ማንሳት ሲያቅታት ተጸጽታ፣ የማኅበሯን መነኮሳት «የታመመ ይብላ፤ እኔ እንዳደረግሁት አታድርጉ» ብላ አዝዛ ነበር።

እናቴ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገች። «ምነው እማሆይ፣ ከዚህ ቢጀምሩላት?»

እማሆይ አቀርቅረው አለቀሱ። እኔ ግን አላዘንኩላቸውም፤ ዛሬም አላዝንላቸውም። ላማችን ያን ጠዋትም ታልባ ነበር፤ ወተቱ ጓዳ ውስጥ በቅሉ እንዳለ ተቀምጧል።