ባዶ ወረቀት ላይ ያረፈ ማኅተም

አሥራ አራት ዓመት እንጀራዬን የበላሁት የመኪና በር በመዝጋት ነው። አትሳቁ፤ ሥራ ነው። ሩስያ ውስጥ አንድ የውጭ ኩባንያ መኪና የሚገጣጥምበት ፋብሪካ ነበረው፤ እኔ የመስመሩ መጨረሻ ላይ እቆማለሁ። መኪናው ተገጣጥሞ፣ ታጥቦ፣ አምሮበት ይመጣል። አራቱንም በር ከፍቼ እዘጋለሁ፣ ድምፁን እሰማለሁ፣ ክፍተቱን በመዳፌ እዳብሳለሁ። ድምፁ ካልጣመኝ ቀይ ወረቀት ለጥፌ እመልሰዋለሁ። መስመሩ ላይ የሚገጣጥሙት ወንዶች ያቺን ቀይ ወረቀት ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል፤ ይጥቆራ!

እዚያ አገር የሄድኩት በደርግ ጊዜ ለምህንድስና ትምህርት ተልኬ ነው። ተማርኩ፣ ተመረቅሁ፣ አገባሁ፣ ፈታሁ፣ አንዲት ልጄን አሳደግሁ፤ እንዲያው በዚያው ቀረሁ። ልጄ “እናቴ ኢንጂነር ናት” እያለች ነው ያደገችው። እኔም አላረምኳትም። ዲፕሎማው አለኝ አይደል እንዴ?

ፋብሪካው ሲመረቅ ቄስ መጥቶ የመጀመሪያውን መኪና ጠበል ረጨው። የውጭ አገር አለቆቹ ቀለሙ እንዳይበላሽ ሲሳቀቁ አየኋቸው፤ አንደኛው ቄሱ ዞር ከማለቱ በመሐረብ ጠረገው። ያኔውኑ ማወቅ ነበረብኝ። “እዚህ የመጣነው ለልጅ ልጆቻችሁ ነው” አሉን፤ እኛም እጃችን እስኪቀላ አጨበጨብን።

ሩስያ ጦርነት ስትገባ ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰቡንና “ለጊዜው ነው” አሉን። ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ቀረ፣ መስመሩ ቆመ። ሥራ የለም፣ ግን ኑ ተባልን። የተቀባ አጥር ቀባን፤ የተጠረገ ወለል ጠረግን። እኔ እጄ አላርፍ እያለኝ፣ ሳያልቁ የቀሩትን መኪኖች በር እየከፈትኩ እየዘጋሁ እውላለሁ። ወራት እንዲህ ካለፉ በኋላ ፋብሪካው ለአንድ የአገሬው ባለሀብት በአንድ ሩብል ተሸጠ ተባለ። አንድ ሩብል! ምነው እኔን ቢጠይቁኝ፣ ሁለት እሰጣቸው አልነበር? ውሉ ላይ ግን፣ ነገሩ ሲበርድ መልሰን እንገዛዋለን የሚል መስመር አስገብተዋል አሉ። የቤቱን ቁልፍ ኪሱ አስቀርቶ እንደሚወጣ የፈታ ባል።

የኩባንያው የመጨረሻ ቀን ሰው ሁሉ መታሰቢያ ይዞ ለመውጣት ይራኮታል። አንዱ ኩባያ፣ ሌላው አርማ ያለበት ጃኬት ይዟል። እኔ ግን ሐበሻ ነኝ፤ የፈለግሁት ክብ ማኅተም ያረፈበት የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ለእኔ የበርበሬ መጠቅለያ ነው። አለቃችን ሻንጣውን እየቆለፈ “ኢሜል አድርጊልን፣ እንልክልሻለን” አለኝ። በኢሜል ማኅተም ይመታል እንዴ? ተናድጄ ሠራተኛ አስተዳደር ወረድኩ። እዚያ የምትሠራው ሩስያዊት ምሳ አብራኝ የምትበላ ወዳጄ ናት፤ በዚያ ሁሉ ሕንፃ ውስጥ የማኅተም ነገር የሚገባን እሷና እኔ ብቻ ነን።

“የመፈረም ሥልጣን ያላቸው ሁሉም ሄደዋል” አለችኝ። “ማኅተሙንም ከሰዓት በኋላ ያስወግዱታል።”

ከዚያ ተነሥታ የቢሮዋን በር ቆለፈች፤ ሦስት ባዶ ወረቀት አወጣችና ግርጌያቸው ላይ ጧ፣ ጧ፣ ጧ አደረገችባቸው። “ሲቸግርሽ የሚያስፈልግሽን ጻፊበት” አለችኝ። ተቃቅፈን አለቀስን። ወረቀቶቹን ሹራቤ ሥር ደብቄ ወጣሁ።

ልጄ ቀድማኝ ቶሮንቶ ገብታ ነበርና ስፖንሰር አድርጋ አመጣችኝ። ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ ደስ ሲለው የሚሠራበት ሕንፃ ላይ እንኖራለን። አንድ ቀን ሬክስዴል አካባቢ የመኪና በር የሚያመርት ፋብሪካ ሰው እንደሚፈልግ ኦንላይን አይታ እየዘለለች መጣች። “ማሚ፣ ይሄ ያንቺ ነው! ግን ሪፈረንስ ይፈልጋሉ።”

ለኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ኢሜል አደረግን። “በዚያ ገበያ ውስጥ አሁን የለንም፤ የሠራተኞች መዝገብ ከሽያጩ ጋር ተላልፏል” የሚል መልስ መጣ። መልካም ዕድልም ተመኝተውልኛል፤ እግዜር ይስጣቸው። ሩስያ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ሰው፣ አሁን እዚያ የሚገጣጠመው ከሌላ አገር በሣጥን የሚመጣ መኪና እንደሆነ፣ የድሮዎቹ መዝገባቸውን ይዘው እንደሄዱ ነገረኝ። ሥራዬ የተመዘገበበት የሥራ ደብተሬስ ብዬ ብጠይቀው፣ ካለም በአካል መጥቶ መፈለግ ነው አለኝ። ወዳጄም ለቃ ሄዳለች።

እነዚያም እኛ ጋ የለም፣ እነዚህም እኛ ጋ የለም። አሥራ አራት ዓመት ቤቴ ተኝቼ ነበር ማለት ነው! ሥራ ማጣቱ አይደለም ያንገበገበኝ፤ ሰሃን ማጠብ ዳንፎርዝ መንገድ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወርጄ አላጣም። ያንገበገበኝ፣ ሠርታለች ብሎ የሚመሰክርልኝ አንድ ሰው በዓለም ላይ መጥፋቱ ነው።

“ማሚ፣ ያ ባዶ ወረቀትሽስ?” አለች ልጄ።

የመጀመሪያውን ፕሪንተሩ ውስጥ ገልብጣ ከተተችው፤ ማኅተሙ አናቱ ላይ ተዘቅዝቆ ወጣ። ሁለተኛውን በትክክል አወጣችው። ተቀብዬ ሳነብ፣ ለካ እኔ ሠላሳ ሰው የማስተዳድር የጥራት ማናጀር ነበርኩ!

“ሠላሳ ሰው? እኔ ከአራት በር በቀር ያስተዳደርኩት የለም!” ብዬ ጮህኩ።

“ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚያደርገው፣ ማሚ። ታዲያ ምን ልበል? በር ትዘጋ ነበር ልበል?”

ልጄ እንዳፈረችብኝ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ወረቀቱን ቀድጄ ጣልኩት፤ ሦስተኛውን ፕላስቲክ ውስጥ ከትቼ ባዶውን ይዤው ሄድኩ።

የፈተነኝ ሱፐርቫይዘር ጥምጣም ያሰረ ፑንጃቢ ህንዳዊ ነው። ወረቀት የሚባል ነገር አልጠየቀኝም። “ምን ትሠሪ ነበር?” አለኝ።

“በር እዘጋ ነበር” አልኩት፣ አንገቴን ደፍቼ።

ትንሽ አየኝና ፓርኪንግ ይዞኝ ወጣ፤ የራሱን መኪና አሳየኝ። አራቱን በር ከፍቼ ዘጋሁ። “የኋላው የግራ በር ተቀይሯል” አልኩት። ዓይኑ ፈጠጠ። “ባለቤቴ ናት፣ ከምሰሶ ጋር አጋጭታው” አለ በሹክሹክታ። “ሰኞ ነይ።”

ለአንድ ብጣሽ ወረቀት ያን ያህል ስንገበገብ ከርሜ! ሳቄ መጣ፤ እንባዬም መጣ። በሁለት አውቶቡስና በሰብዌይ ባቡር እየተመላለስኩ አምስት ወር በር ዘጋሁ። ደስ ብሎኝ ነበር።

በአምስተኛው ወር መጨረሻ ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰቡን። ዶናት ተደርድሯል። ማናጀሩ በሮቻችን ላይ ስለተጣለው የቀረጥ ታሪፍ፣ ድንበር ማዶ ስላሉት ገዢዎች አወራ፣ አወራና “ለጊዜው ነው” አለ። ሌሎቹ ዶናታቸውን ይገምጣሉ። እኔ ቃሉን አውቀዋለሁና ብድግ ብዬ ከሎከሬ ፕላስቲኬን አወጣሁ፤ ሱፐርቫይዘሩ ቢሮ ገባሁ።

“የሥራ ልምድ ጻፍልኝ።”

“ምን አስቸኮለሽ? ስልኬን ስጪያቸው፣ እኔ እነግራቸዋለሁ።”

“አንተም ነገ እዚህ ላትኖር ትችላለህ። ጻፍልኝ፤ ማኅተምም አድርግበት።”

“እኛ እኮ ማኅተም የለንም።”

“እኔ አለኝ” አልኩት።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ሰማያዊውን ክብ፣ የማያነበውን የሩስያ ፊደል አየ፤ እኔን አየ። ምን እንደሆነ ነገርኩት። አልሳቀም። እስክሪብቶውን አነሣና “ስንት ጊዜ ሠርታለች ልበል? ከፈለግሽ ልጨምርልሽ” አለኝ።

“አምስት ወር። የሠራሁትን ብቻ።”

ማታ ለልጄ ሰጠኋት። እንዲህ ይላል፦ “ይህች ሴት አምስት ወር በር ዘግታልናለች። ደህና ነው ብላ ያሳለፈችው በር አንድም ተመልሶ አልመጣም።” ከሥሩ የእሱ ፊርማ፣ ከፊርማው ሥር የሄደው ኩባንያ ማኅተም።

“ማሚ፣ ይሄንን ማንም አይቀበልሽም” አለች።

“ለሰው እሰጣለሁ ማን አለሽ?”

ደግማ አነበበችው። ይዛው ወደ ክፍሏ ገባች። በማግስቱ ሻይ ሳፈላ ከጓደኛዋ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማኋት። ጓደኛዋ ስለ እኔ ሥራ ሳትጠይቃት አልቀረችም። ኢንጂነር ትላለች ብዬ ጠበቅሁ።

“እናቴ?” አለች። “እናቴ የመኪና በር ዘግታ ድምፁን የምትሰማ ሰው ናት። አሥራ አራት ዓመት ከአምስት ወር ሠርታለች።”