አማቴን ወደ ጅጅጋ መለስኳቸው

ያገባሁት ልጃቸውን ቢሆንም አብሬ የኖርኩት ግን ከእሳቸው ጋር ነው። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከድንበር የሚገባ ዕቃ ወደ መሃል አገር ያመላልሳል፤ ከቤቱ ይልቅ መንገድ ላይ የሚያድርበት ጊዜ ይበልጣል። በ2011 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ጅጅጋ ይዞኝ ገባና፣ ሳምንት ሳይሞላን ከእናቱ ጋር ትቶኝ ሄደ።

አማቴ አዲጋላ ነው የተወለዱት፤ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው የባቡር መስመር ላይ ያለች ከተማ ናት። አባታቸው የባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ጣቢያው አካባቢ ከሶማሌ ልጆች ጋር ሲጫወቱ ነው ያደጉት፤ ሶማሊኛውን ከአማርኛው ሳያስቀድሙ አልቀሩም። ትዳር ይዘው ጅጅጋ ከመጡ ወዲህ ገበያ ውስጥ በርበሬና ሽሮ ይሸጡ ነበር። እኔ ከመምጣቴ በፊት በነበረው ክረምት፣ ከተማው ውስጥ በተነሣው ረብሻ ሱቃቸው ተቃጠለ። እሳቸውን ያተረፈቻቸው ጎረቤታችን ናት፤ ሶማሌ ናት፤ መኝታ ቤቷ ውስጥ ደብቃ በር ላይ ቆመችላቸው። ነገሩ ሲበርድ ልጆቻቸው "በቃ፣ ከዚህ ከተማ ይውጡ" አሏቸው። እሳቸው እምቢ አሉ። እዚያው የተቃጠለው ቦታ ላይ አዲስ ቆርቆሮ አስመትተው በርበሬያቸውን ዘረጉ።

ፈራኋቸው፣ ምን ይደረጋል። ንግግራቸው አጭር ነው። ባለቤቴ ወጥቶ በሄደ ማግስት ቁርስ ላይ ቁጭ ብዬ ምን ልሥራ ብዬ ስጨነቅ፣ "እንግዳ ነሽ ወይስ የቤት ሰው?" አሉኝ።

"እ… የቤት ሰው፣ እማማ።"

"እንግዲያው ተነሺና ሽሮውን ንፊልኝ።"

እናቴ የሞተችው እኔ ነፍስ ሳላውቅ ነው፤ አክስቴ ጋ ነው ያደግሁት። ክፉ አልነበረችም፤ ግን የራሷ ልጆች ነበሯት። ስለዚህ እናት ያላት ሴት ምን እንደሚደረግላት በወሬ እንጂ በተግባር አላውቀውም ነበር። ያወቅሁት የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ነው። ምጡ ጠንቶብኝ በቀዶ ሕክምና ወለድኩ፤ ቁስሉ አመረቀዘና ትኩሳት ያዘኝ። አማቴ ሱቃቸውን ዘጉ። ሆስፒታል ከአልጋዬ ሥር ፍራሽ አንጥፈው ተኙ፤ ቤት ከገባን በኋላ ደግሞ እንደ ሕፃን ይዘው አጠቡኝ፣ አጎረሱኝ። ሊጠይቁ የሚመጡ ሰዎች "ሕፃኗ ደህና ናት?" ሲሏቸው፣ "ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ትልቋ ግን ምግብ እምቢ እያለች አስቸገረችኝ" ይሉ ነበር። ሰዎቹ መንታ የወለድኩ መስሏቸው ግራ ሲጋቡ እኔ ብርድ ልብሱን ፊቴ ላይ ስቤ እስቅ ነበር። ያም ሆኖ "ልጄ" ብለው ጠርተውኝ አያውቁም። ለሰው ሲያስተዋውቁኝ "የልጄ ሚስት" ነበርኩ።

ልጄ ሦስት ዓመት ሞልቷት ነበር። አንድ ማለዳ አማቴ ወደ ገበያ ሊወጡ ነጠላቸውን ሲያጣፉ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። አየሁት፤ ነጠላው ከትከሻቸው እየወረደ እሳቸው እጃቸውን በግርምት ያዩታል። ከዚያ ወደቁ። ጎረቤቴን ጮኼ ጠራሁ፤ ለሁለት ተሸክመን ባጃጅ ውስጥ አስገባናቸውና ሆስፒታል ደረስን። ስትሮክ ነው አሉን።

በሕይወት ተረፉ። ቀኝ ጎናቸው ግን ሰነፈ፤ አማርኛቸውም ጠፋ። መጀመሪያ ጨርሶ መናገር የማይችሉ ነበር የመሰለን። በኋላ አንድ ቀን እጃቸውን ወደ ብርጭቆው ዘርግተው "ቢዮ" አሉ። ይህችን እኔም አውቃታለሁ፤ በሶማሊኛ ውኃ ማለት ናት። ሰጠኋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚወጣቸው ቃል ሁሉ ሶማሊኛ ሆነ፤ አዲጋላ በልጅነታቸው የለመዱት። አማርኛ ብናገር ይገባቸዋል፤ ለመመለስ ሲሞክሩ ግን ቃሉ አፋቸው ላይ ይቀርና ይናደዳሉ። የሚደንቀው ጸሎቱ ነው። "አባታችን ሆይ" ብዬ ስጀምርላቸው አንድም ቃል ሳያጎድሉ እስከ መጨረሻው ይወርዱታል። ከአሜን በኋላ ተመልሰው ዝም። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ነገር በሽታው ላይ እንደሚታይ ነገረኝ፤ በቃል የተያዘ ነገር አንዳንዴ ሳይነካ ይቀራል አለኝ።

እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ለሶማሌ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ሶማሊኛዬ ግን ከቲማቲም መግዣ አያልፍም ነበር። ባለቤቴ ቤት ሲኖር ያስተረጉምልኛል፤ እሱ ሲሄድ እኔና አማቴ ተፋጠን እንቀራለን። ያኔ ያቺው አማቴን ከረብሻው ያተረፈችው ጎረቤቴ ደረሰችልኝ። "ኢዶ" እላታለሁ፤ አክስት እንደማለት ነው። ማለዳ ማለዳ ሻይዋን በፔርሙስ ይዛ ትመጣና አማቴ አጠገብ ቁጭ ብላ ታወራቸዋለች፤ ለእኔም ቃል በቃል ታስረዳኛለች።

አንድ ቀን አማቴን ገላቸውን አጥቤ፣ ፀጉራቸውን እያበጠርኩ ሳለሁ "ሆዮ" አሉኝ። ደግመው "ሆዮ" አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ሆዮ እናት ማለት እንደሆነ ጅጅጋ የዋለ ሁሉ ያውቃል። ኢዶ ስትመጣ፣ "የሞቱ እናታቸውን እየጠሩ ነው። ምን ልበላቸው?" አልኳት።

ኢዶ ሳቀች። "እናቷን አይደለም። አንቺን ነው።"

"እኔን? እኔ እናታቸው ነኝ እንዴ?"

"እኛ ጋ እናት ልጇን ራሱ ሆዮ ብላ ነው የምትጠራው። እናንተስ ልጃችሁን 'እናቴ፣ ነይ ብዪ' ትሉ የለ? እንደዚያ ነው። ዋላሂ፣ ልጄ እያለችሽ ነው።"

ማበጠሪያውን ይዤ ጓሮ ወጣሁ። ስመለስ አማቴ ያልተበጠረውን ጎን በግራ እጃቸው እያሳዩ ይቆጡኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ ነው የባለቤቴ ታላቅ እህት ከአዲስ አበባ የመጣችው። እናቷን ስታይ ደረቷን ደቃ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ፣ "ይዣት እሄዳለሁ። እዚያ ፊዚዮቴራፒ አለ፣ ሐኪም አለ። እዚህ ተኝታ ትቅር?" አለች። ትክክል ነበረች። እኔ ግን ቀን ቀን ማን አብሯቸው እንደሚውል ጠየቅኳት።

"ሠራተኛ አለችኝ።"

"ሶማሊኛ ትችላለች?"

"እናቴ የምትፈልገው ሕክምና ነው፣ ወሬ አይደለም" አለችኝ። ባለቤቴም ከእህቱ ጋር ተስማማ። ልጆቻቸው እነሱ ናቸው ብዬ ልብሳቸውን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። አማቴ መኪናው ውስጥ ሲገቡ "ማያ" ይሉ ነበር፤ እምቢ፣ አይሆንም ማለት ነው። ያሳክሟቸዋል ብዬ ራሴን አበረታሁ።

በየማታው እደውላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን እህታችን ስልኩን ጆሯቸው ላይ ስታደርግላቸው አንድ ሁለት ቃል ይሉኛል። ቆይቶ ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማኝ ጀመር። "እግሯ እየተሻላት ነው፤ ዝም ግን ብላለች" አለችኝ እህታችን። "ከመቼ ወዲህ?" ብላት እሷም በውል አላወቀችውም፤ ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው።

ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠየቅሁ። ልጄን ለኢዶ ሰጠኋት። ባለቤቴ ስልክ ላይ፣ "እህቴን እንዳታስቀይሚያት" አለኝ።

"አላስቀይማትም። እናትህን ግን ሳልይዝ አልመለስም።"

በአውቶቡስ ሄድኩ። አማቴ በእህታችን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮት አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ንጹሕ ለብሰዋል፣ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶላቸዋል። አዩኝ። ምንም አላሉም። ስጠጋቸው ግን በግራ እጃቸው የሹራቤን እጅጌ ጨምድደው ያዙ። ሠራተኛዋ ደግ ልጅ ናት፤ "ድሮ የማይገባኝ ነገር ይሉኝ ነበር፤ መልስ ሳጣ ጊዜ እሳቸውም ተዉት" አለችኝ።

ማታ እህታችን ስትገባ እጅጌዬ ገና አልተለቀቀም። እዚያው እንደተቀመጥኩ፣ "እትዬ፣ እማማን ወደ ቤታቸው ልወስዳቸው ነው የመጣሁት" አልኳት።

"ቤታቸው? እኔ የወለደችኝ ልጇ አይደለሁም?"

"ነዎት እንጂ። እርስዎ ባያመጧቸው እግራቸው እንዲህ አይቆምም ነበር። ግን እዚህ ቀኑን ሙሉ የሚያናግራቸው ሰው የለም። እዚያ ሰፈሩ ሁሉ ያናግራቸዋል።"

"ስፖርቱንስ ማን ያሠራታል?"

"እኔ። ነገ ባለሙያው ጋ አብሬ እሄዳለሁ፤ የሚያደርገውን ሁሉ ያሳየኝ። እስክለምደው ድረስ አልሄድም።"

እህታችን ወደ እናቷ ተጠግታ ተንበረከከችና በሶማሊኛ የሆነ ነገር ጠየቀቻቸው። አማቴ እጃቸውን ከእጅጌዬ ሳያነሡ ወደ በሩ አዩ። እህታችን ግንባሯን ጉልበታቸው ላይ አስደግፋ ብዙ ቆየች። ቀና ስትል፣ "በአውቶቡስ ግን አታንገላቺያትም፤ የአውሮፕላን ትኬት እቆርጥላችኋለሁ" አለች።

ባለሙያው ጋ ተመላለስኩ። እግር እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ጣት እንዴት እንደሚፍታታ፣ ሰው ሲነሣ ከየት በኩል እንደሚደገፍ ተማርኩ። ከዚያ ተነሣን።

አየር ማረፊያው መጠበቂያ ውስጥ አጠገባችን ረጅም ሻሽ የተከናነቡ ሶማሌ ባልቴት ተቀምጠው ነበር። አማቴን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ አይተው በሶማሊኛ ምን እንዳገኛቸው ጠየቋቸው፤ እኔ ባልተሟላ ሶማሊኛዬ መለስኩ። ሴትዮዋ እኔን ትተው አማቴን "አገርሽ የት ነው?" አሏቸው። አማቴ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ጠበቅናቸው። "አዲጋላ" አሉ።

"አዲጋላ!" ብለው ሴትዮዋ እጃቸውን ያዙ፤ የእሳቸውም ባል የዚያው የሲቲ ዞን ሰው ኖረዋል። አውሮፕላን እስክንሳፈር አላቆሙም። እኔ ከሚያወሩት ግማሹ አልገባኝም፤ አማቴ ግን ሲመልሱ፣ ሲስቱ፣ ደግመው ሲሞክሩ ሰማሁ። ለእህታችን ደውዬ ስልኩን ወደ ድምፃቸው አቀረብኩላት። ስታለቅስ ሰማኋት።

ጅጅጋ ስንገባ ወዲያው ሥራ ጀመርን። ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት እኔ አሠራቸዋለሁ፤ ከሰዓት ኢዶ የግቢውን ግድግዳ አስይዛ ታራምዳቸዋለች። በሚናደዱበት ቀን ዱላቸውን ይወረውራሉ፤ እናነሣላቸዋለን፤ እንደገና ይጀምራሉ። አማቴ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፤ በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን ሄደው መቁረብ። የንስሐ አባታችን ሊጠይቋቸው ሲመጡ ያስጨነቀኝን ነገርኳቸው። "አባ፣ እንዴት አድርገው ይናዘዛሉ? አማርኛ እኮ አይወጣቸውም።"

"እኔ ጅጅጋ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ" አሉኝ እየሳቁ። "በምትችለው ትንገረኝ። እግዚአብሔርም ሶማሊኛ አይቸግረውም። አንቺ ግን ወጣ በይልን።"

ወጣሁ። በዚያ ዓመት የፋሲካ ጾም ሊፈታ ሲል፣ እኔ በአንድ ጎን ኢዶ በሌላው ሆነን በእግራቸው ወሰድናቸው። መንገዱ ለጤነኛ ሰው አጭር ነው፤ እኛ እያረፍን፣ በየሱቁ በር ወንበር እየተሰጠን ነው የደረስነው። ኢዶ እስከ አጥሩ በር አድርሳ፣ ነጠላቸውን አስተካክላላቸው ተመለሰች። አማቴ ቆረቡ።

አሁን አማርኛቸው በጥቂቱ ተመልሷል፤ ሶማሊኛው ግን ቦታውን አልለቀቀም። ልጄ ሁለቱንም እየቀላቀለች ታወራቸዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቃቸው ሄደው ይቀመጣሉ፤ በርበሬውን የምትሸጥላቸው ዘመድ ናት፤ እሳቸው በግራ እጃቸው ዘግነው ደረቅ መሆኑን ያያሉ። እህታችን ለበዓል እየመጣች የምትሰነብትበት ጊዜ ረዝሟል፤ በመጣች ቁጥር ማጠቡንም ማጉረሱንም እሷ ትረከበኛለች፤ እኔም ደስ ብሎኝ እለቅላታለሁ። እናቷ ናቸው። በቅርቡ ሁለተኛ ልጅ ማርገዜን ስነግራት፣ "እናቴንም ሕፃኑንም እንዴት ትችይዋለሽ?" አለችኝ።

"እርስዎ ለአራስነቴ ይመጣሉ፤ ኢዶ አለች፤ ባለቤቴም አጭር መንገድ እንዲሰጡት ጠይቋል" አልኳት። "እንችለዋለን።"

ሐኪሙ በሽታው ሊመለስ እንደሚችል አልደበቀንም። መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ፣ ግፊታቸውን እለካለሁ፣ ጨው እከለክላለሁ፤ እሳቸውም ይቆጡኛል። የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ እስካሁን የሚወጡት በእኛ ድጋፍ ነው። ከጥምቀት በፊት በዱላቸው ብቻ እንዲወጡት ተስማምተን፣ ጓሯችን ውስጥ በብሎኬት ሁለት እርከን አስሠርተን በየቀኑ እየተለማመድን ነው።