ቢያዝን፣ ፍጥነት አርባ አንድ

ሙሉሰው ለዕቃ ርኅራኄ አለው። ይህንን ጠላቱም አይክደውም። ፒያሳ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር በተሸጎጠችው፣ ሁለት ሰው ሲገባባት ሦስተኛው ደጅ በሚቆምባት ሱቁ ቁጭ ብሎ፣ ሌላው ጠጋኝ «ይሄማ ሞቷል፣ ጣሉት» ያለውን የጌም ማሽን፣ ፕሌይስቴሽን ቱ፣ ተቀብሎ ሆዱን ይከፍተዋል። አቧራውን በቀለም ብሩሽ ይጠርግለታል። ሲዲ ማንበብ ያቃታትን ሌንስ «አንቺ ደግሞ በቃሽ፣ ጡረታ ውጪ» ይልና እንዳለች ይተዋታል። ከዚያ በሜሞሪ ካርዱ ላይ ፕሮግራም ይጭናል፤ ከጀርባው ሃርድ ዲስክ ይሰካል፤ ማሽኑ ያለ ሲዲ ጌሙን ከሃርድ ዲስኩ እያነበበ እንደገና ይነሣል። ሃያ ዓመት ያለፈው ዕቃ ነው እንግዲህ። አዲሶቹን በየትኛው አቅም? ከአዘዞ እስከ ወለቃ ባሉት የጌም ቤቶች ሙሉሰው ያልነካው ማሽን አለ ቢባል እኔ አላምንም።

ርኅራኄው ያጠረው ለሰው ነው።

ነገሩ የመጣው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። የኳሱ ጌም ውስጥ የተጫዋች ስም የሚቀየርበት፣ ማልያ የሚቀባበት፣ የእያንዳንዱ ተጫዋች ፍጥነትና ጉልበት በቁጥር የሚሞላበት ቦታ አለ። ሌላው ሰው እዚያ ይገባና የራሱን ስም ከታላላቆቹ መሐል ሸጉጦ ይወጣል። ሙሉሰው ግን ክረምቱን ሙሉ ተቀምጦ የፈረንጆቹን ክለቦች አፈረሰና በቦታቸው የሰፈሮቻችንን ቡድኖች፣ ችችላን፣ ሳሙና በርን፣ አውቶፓርኮንና ማራኪን ተከለ። ተጫዋቾቹም በልጅነቱ አብረውት አቧራ የቃሙ የሰፈር ልጆች ናቸው። አሁን አንዱ ባንክ ይሠራል፣ አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዱማ ቀዳሽ ዲያቆን ሆኗል። ጌሙ ፊደላችንን ስለማያውቅ ስማቸውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈላቸው።

ከተማው አበደ። ሆዱ ከቀበቶው በላይ የተንጠለጠለው የባንክ ሠራተኛ ራሱን በማልያ ሲሮጥ አይቶ ሚስቱን በስልክ ጠራት። ዲያቆኑም ቢሆን፣ ነጠላውን አጣፍቶ በመስኮት ማየቱ አልቀረም። የጌም ቤት ባለቤቶች ካርዳቸውን ይዘው እየመጡ ገለበጡ፤ ከእነሱ ደግሞ ሌሎች ገለበጡ፤ ወሩ ሳይሞላ ዳባትና ደባርቅ ደረሰ።

በዚህ ሁሉ መሐል «እኔን ከፍ አድርገኝ» የማይል ሰው አልነበረም። ሙሉሰው ደግሞ ሥልጣን እጁ ገብቷልና ይንቀባረር ጀመር። «የእኔ ሚዛን አይዋሽም» ይላል። ልብ በሉ፤ ለራሱ የሰጠው ፍጥነት ዘጠና ሁለት፣ ምት ዘጠና አራት ነው። ኳስ ወደ እሱ ስትመጣ ዓይኑን የሚጨፍን ተከላካይ እንደነበር ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ቢያዝንን እዚህ ላይ ላስተዋውቃችሁ። ቢያዝን የሙሉሰው አብሮ አደግ ነው፤ የወለቃው የአያ ዓለምነው ልጅ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ በቀኝ ክንፍ ሲበር ሊያዩት የክለብ ሰዎች ከባሕር ዳር መጥተው ነበር። በዚያው ሰሞን፣ በልምምድ ጨዋታ ላይ፣ ሙሉሰው ኳሷን እወስዳለሁ ብሎ ተንሸራተተና ኳሷ ቀርታ የቢያዝንን እግር አገኘ። ወጌሻ አሸው፤ አጥንቱ ገጠመ፤ እግሩ ግን አጥሮ ቀረ። ቢያዝን ከዚያ ወዲህ ሲሄድ አንዴ ይረግጣል፣ አንዴ ይስባል።

ያኔ ሙሉሰው እንደ አገሩ የዕርቅ ደንብ አደረገ። ሽማግሌ አስቀድሞ፣ ድንጋይ ጫንቃው ላይ ተሸክሞ፣ ከአያ ዓለምነው በር ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ተናገሩ፣ አያ ዓለምነውም «አውርደው ልጄ፣ ሜዳ ላይ የሆነ ነገር ነው» አሉት። ቢያዝን ከተኛበት ሆኖ «ጨዋታ ነው» አለ። ተሳሳሙ፣ አብረው በሉ፣ አበቃ። ከዚያ በኋላ አሥራ ምናምን ዓመት ወንድምና ወንድም ሆነው ኖሩ። ቢያዝን ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ገባ፤ ሲያገባም ሙሉሰው ከእጁ ሥራ ሁሉ የተሻለውን ማሽን አሳምሮ ለሠርጉ ሰጠው።

እንግዲህ ያ ሰው ነው አንድ ቅዳሜ ከሥራ ሲወጣ፣ ሱቋ በጎረምሳ ጢም ብላ ሳለች፣ እየሳቀ ብቅ ያለው።

«እኔንስ አስገብተኸኛል?»

«አንተ ሳትገባ ማን ሊገባ? ችችላ፣ ቁጥር ሰባት» አለ ሙሉሰው፤ ከፍቶም አሳየው።

ቁጥር ሰባት ኳስ ደረሰውና መሮጥ ጀመረ። መሮጥ ከተባለ። ፍጥነት፣ አርባ አንድ። ጌሙ ካሉት የአሯሯጥ ዓይነቶችም ትከሻውን ጎበጥ አድርጎ የሚጎተተውን መርጦለታል። ተከላካዮቹ በግራ በቀኝ እየቀደሙት አለፉ። ሱቋ በሣቅ ፈነዳች።

ቢያዝንም ሳቀ። ሣቁ ሲያልቅ ግን ጠጋ ብሎ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ምነው ሙሉሰው፣ የዱሮውን አድርግልኝ እንጂ። የዱሮ ልጆች ቡድን አይደለም?» አለው።

«እኔ ሰውን ባለበት ነው የምመዝን» አለ ሙሉሰው፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ። «ጌሜ አይዋሽም።»

አይዋሽም! ያ ሆዳሙ የባንክ ሠራተኛ ፍጥነቱ ሰማንያ ስድስት አይደለም ወይ? ሁሉንም በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ልክ ሠርቶ ሲያበቃ፣ አንድ ቢያዝንን ብቻ በሠላሳ አምስት ዓመቱ፣ ከነስንክልናው አስገባው። ለምን ቢሉት ያኔ አይናገርም ነበር። ለራሱ ግን ያውቀዋል። የዱሮው ቢያዝን በልኩ ከተሞላ ዘጠና አምስት ነው፤ ሙሉሰውን ጥሎት ይሄዳል። በየጌም ቤቱ ያ ልጅ ክንፉን ይዞ በበረረ ቁጥር ደግሞ አንድ ሰው «ይሄን የሰበረው ማን ነበር?» ማለቱ አይቀርም። ሙሉሰው ይህ እንዳይሆን ፈለገ። ፈሪ ነበር፣ ቀናተኛም ነበር፤ ሁለቱንም አንድ ላይ።

«ይሁን» አለ ቢያዝን። «አርባ አንድም ይሄዳል።» ሄደም።

ከዚያ ወዲያ ስሙ ተረሳ። መንገድ ላይ እግሩን እየሳበ ሲያልፍ ጎረምሶቹ «አርባ አንድ መጣ» ይላሉ፤ ካርድ ለማውጣት የተሰለፈው በሽተኛ እንኳ «አርባ አንድ ገብቷል?» ብሎ ይጠይቃል። እሱ ዞር ብሎ ፈገግ ይላል። ሙሉሰው ሱቅ ግን አልደረሰም። በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ የማይቀር ሰው፣ ጭራሽ በዚያ መንገድ ማለፍም ተወ።

ሙሉሰው ጠፍቶት አይደለም። ቁጥሩን ለመቀየር ሁለት ደቂቃ እንደሚበቃ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? ጥምቀት ይለፍና አለ። ከጥምቀት በኋላ ፋሲካ ሲደርስ እንታረቃለን አለ። በዐቢይ ጾም የንስሐ አባቱ «የተቀያየምኸው ሰው አለ ወይ?» ብለው ሲጠይቁት «የለም አባቴ» ብሎ መለሰ። ምን ይበል? እግር የሰበረ ሽማግሌ ይልካል፤ በጌም ቁጥር ላስቀየመ ሰው ማን ሽማግሌ ይሄዳል? ራሳቸው ሽማግሌዎቹስ ነገሩን አስረዱን ቢሉ ምን ተብሎ ይነገራቸዋል? እንዲህ ነገ ዛሬ ሲል ሁለት ዓመት ሄደ።

ቢያዝን በሰኔ ታመመ። ጉበት ነው አሉ። ሙሉሰው ሆስፒታል መተኛቱን ሰምቶ «እሑድ እሄዳለሁ» አለ፤ ቢያዝን እሑድን አልደረሰበትም። ቀብር ላይ ሬሳውን ከፊት ከተሸከሙት አንዱ ሙሉሰው ነበር፤ በሰው ፊት እንደ ሴት አለቀሰ። ዕድሩ በተከለው ድንኳን ጥግ አንድ ጎረምሳ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «አርባ አንድ እኮ አረፈ» ሲል ሰማ። በክፋት አልነበረም፤ ልጁ ሌላ ስም አያውቅለትም። ሙሉሰው የያዘውን ብርጭቆ መሬት አስቀምጦ ከድንኳኑ ወጣ።

በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ ተቀመጠ። ፍጥነት፣ ዘጠና አምስት። አሯሯጡን ቀጥ ያለውን፣ ያማረውን መረጠለት። የራሱን ደግሞ ሠላሳ ስምንት አደረገው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። አዲሱን ፋይል ለየጌም ቤቱ ላዳርስ ብሎ ዞረ፤ «ሰዉ የለመደውን ለምን ትነካካብናለህ?» አሉት። ደባርቅና ዳባት የተበተነውንማ ማን ይሰበስበዋል? ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ቢያንስ በቢያዝን ቤት ባለው ማሽን አዲሱን ላስገባ አለ።

አርባው ካለፈ በኋላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሜሞሪ ካርዱን ኪሱ ከትቶ ወደ ማራኪ ወረደ። የቢያዝን ሚስት ሽታዬ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች፤ የተከራዩት ቤትም እዚያው ጀርባ ነው። ሙሉሰው ከግቢው በር ሳይደርስ አንድ ድንጋይ ዓይኑ ገባና አነሣው። ጫንቃው ላይ አደረገው። በዚህ መሐል አንድ ባጃጅ ነጂ ፍጥነቱን ቀንሶ «ግንብ ልትሠራ ነው?» አለው። አፈረ። ድንጋዩን ከበሩ ጥግ አስቀመጠና ባዶ እጁን ገባ።

ሽታዬ ጥቁሯን እንደለበሰች፣ መጫወቻውን ይዛ አልጋው ጫፍ ተቀምጣለች። ቴሌቪዥኑ በርቷል። የሠርግ ስጦታው ማሽን ከሥሩ ያጉረመርማል። በባዶው ሜዳ ቁጥር ሰባት ብቻውን፣ ጎበጥ ብሎ፣ በመስመሩ ዳር ዳር ይሄዳል። ሙሉሰው ደነገጠ። ቢያዝን ያንን ፋይል ከጌም ቤት አስገልብጦ ቤቱ ያስገባዋል ብሎ ያሰበው ነገር አልነበረም።

«ግባ፣ ቁጭ በል» አለችው። «ጌም አላውቅም፤ ይቺን ወደፊት መግፋት ብቻ ነው የቻልሁ።»

ተቀመጠ። «ሽታዬ፣ አንድ ነገር አስተካክዬ ነው የመጣሁ። ይሄን ካርድ ብቻ እለውጥልሻለሁ። ያኔ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። አሁን ማንም አይደርስበትም፤ የዱሮውን ነው ያደረግሁት። ብታዪው ሸጋ አድርጌዋለሁ።»

«ማንን ነው?»

«ቢያዝንን ነዋ። ሳይሰበር በፊት የነበረውን።»

ካርዱን አየችው፤ አልተቀበለችውም። «እሱን እኔ አላውቀውም» አለች። «እኔ ያገባሁት ይሄንን ነው። ማታ ከሥራ ሲገባ፣ አንዴ ረግጦ አንዴ ሲስብ፣ ከማድ ቤት ሆኜ በኮቴው እለየው ነበር። አሁን ሩጫ የሚያውቅ ሌላ ወንድ አምጥተህልኝ ምን ላድርገው? ተወው፤ አትንካብኝ።»

ሙሉሰው አንገቱን ደፋ። «እንግዲያው አንቺ ይቅር በይኝ።»

«እኔን ምን አደረግኸኝ?»

«እሱስ? አዝኖብኝ ነበር?»

ሽታዬ መጫወቻውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ቁጥር ሰባት ቆመ።

«አንድ ቀን ጠይቄው ነበር። ምነው ሙሉሰው ጋ መሄድ ተውህ፣ እግርህን ሲሰብርህ እንኳ አልተቀየምኸው አልሁት። ምን አለኝ መሰለህ? ‹እግሬን የሰበረኝ እየሮጠ ነው፤ የሚሮጥ ሰው ይስታል። ይሄኛውን ግን ቁጭ ብሎ፣ አስቦ ነው ያደረገኝ› አለኝ።»

ይህን ያለችው ልትወጋው ብላ አይደለም፤ ስለጠየቃት ነው። መልሳ መጫወቻውን አነሣች፤ ቁጥር ሰባትም መንገዱን ቀጠለ። ሙሉሰው ካርዱን ኪሱ መልሶ ወጣ።

ድንጋዩ ከበሩ ጥግ፣ ካስቀመጠበት ነበር። ጎንበስ ብሎ እጁን ጫነበት፤ ብዙ ቆየ። ከዚያ ተወውና ቀና አለ። ቢሸከመውም አውርደው የሚለው ሰው የለም።